የተግባር ፊዚክስና ምህንድስና ትምህርት

የተግባር ፊዚክስና ምህንድስና ትምህርት ተማሪው የተፈጥሮን ሕግ ከመጽሐፍ በማንበብና ከሰሌዳ በመገልበጥ ብቻ ሳይሆን ራሱ እየለካ፣ እየሠራና እየፈተነ የሚማርበት የማስተማር ዘዴ ነው። በፊዚክስ በኩል «ይህ ነገር እንዴት ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ በልኬት ይመለሳል። በምህንድስና በኩል ደግሞ «ለዚህ ችግር የሚሆን ነገር እንዴት ይሠራል?» የሚለው በሥራና በሙከራ ይመለሳል። ዘዴው የተሟላ ቤተ ሙከራ ባለው ትምህርት ቤት ብቻ የሚሠራ ተደርጎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ በገመድ፣ በድንጋይ፣ በጀሪካን፣ በፀሐይ ጥላና በእጅ ስልክ ሰዓት ሊለካ ይችላል። ከዚህ በታች የዘዴው ታሪክ ከቀረበ በኋላ በምዕራብ ጎጃም በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ሊሠሩ የሚችሉ ምሳሌዎች ይከተላሉ።

ምንነትና ዓላማ

አንድን ትምህርት «የተግባር» የሚያሰኘው ዕቃ መነካቱ ብቻ አይደለም። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ሙከራ ሠርቶ ተማሪው ከሩቅ ቢመለከት ይህ ማሳያ ይባላል። ተማሪው የታዘዘውን ደረጃ በደረጃ ፈጽሞ አስቀድሞ የሚታወቀውን መልስ ቢጽፍም ሥራው ገና ግማሽ ነው። ሙሉ የሚሆነው ተማሪው ከመለካቱ በፊት ሲገምት፣ የለካውን ከግምቱ ጋር ሲያስተያይና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሲያስረዳ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ይህ አካሄድ «መገመት፣ ማየት፣ ማስረዳት» በሚል ሦስት ቃል ይጠቃለላል።

የዘዴው ዋና ዓላማ ተማሪው ቁጥርን በእምነት ሳይሆን በማስረጃ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ለምሳሌ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላሉ። በደምበጫ ከተማ ግን ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ለክቶ 93 የጻፈ ተማሪ ፊዚክስ ሠርቷል፤ ቴርሞሜትሩን ሳያይ 100 የጻፈ ተማሪ ግን ከመጽሐፉ ገልብጧል።

ታሪክ

በዓለም

ጥንታዊና ዝነኛ ከሆኑት የቀላል መሣሪያ ልኬቶች አንዱ የኤራቶስቴንስ ነው። ይህ የግሪክ ሊቅ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በግብፅ ሲኖር፣ በአስዋን ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ በምትሆንበት ዕለት በእስክንድርያ ያለው ጥላ ወደ 7.2 ዲግሪ እንደሚያጋድል ተረዳ። ይህ የክብ አንድ ሃምሳኛ ስለሆነ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በ50 በማባዛት የምድርን ዙሪያ አሰላ።

በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተግባር ሳይንስ የተስፋፋው በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1948 በጦርነት ለተጎዱ አገሮች የሳይንስ መምህራን ከቀላል ዕቃዎች መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ሰፍቶ እ.ኤ.አ. በ1956 የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ በብዙ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስን በሙከራ ላይ ለመመሥረት ትልቅ የሥርዓተ ትምህርት ሥራ ተጀመረ። በብሪታኒያም እ.ኤ.አ. በ1962 የነፊልድ ፕሮጀክት ተከተለ።

ለኢትዮጵያ ገጠር ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው የሕንድ ልምድ ነው። በማድያ ፕራዴሽ ግዛት የሆሻንጋባድ የሳይንስ ማስተማር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1972 በ16 የገጠር ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪቋረጥ ድረስም ከ1,000 በላይ ወደሆኑ ትምህርት ቤቶች ደርሶ ነበር። ፕሮግራሙ የሚታወቀው በርካሽ ዕቃዎች በመሥራቱ ብቻ አይደለም። ፈተናውንም ለውጦ ተማሪዎች መጽሐፍ ገልጠው እንዲጽፉና የተግባር ፈተና እንዲወስዱ አድርጓል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1908 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ትኩረቱ በአብዛኛው ቋንቋ ላይ ነበር። የእጅ ሥራና ቴክኒክ ራሱን የቻለ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1942 በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950፣ የምህንድስና ኮሌጅ ደግሞ በ1952 ሥራ ጀመሩ።

በጎጃም ትልቁ እርምጃ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት መቋቋም ነው። ኢንስቲትዩቱ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1972 መምህራንን የሚያሠለጥነው የፔዳጎጂ አካዳሚ በዚያው ከተማ ተመሠረተ፤ ሁለቱ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2000 ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በምዕራብ ጎጃም የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይገኛል፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በቡሬ ካምፓስ አለው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ከተግባርና ከችግር መፍታት ጋር እንዲያያዝ ያዛል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ፤ ተማሪዎች «ፕላዝማ» ይሉታል። ፕላዝማው በየትኛውም ከተማ ያለ ተማሪ አንድ ዓይነት ሙከራ በምስል እንዲያይ አስችሏል። በሌላ በኩል ስርጭቱ ስለማይቆም መምህሩ ጥያቄ ለመቀበል፣ ተማሪውም በእጁ ለመሞከር ጊዜ ያጣል የሚል ትችት ቀርቦበታል። በ2000 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ተወሰነ። ይህም በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው ፊዚክስ ጥራት ይበልጥ አሳሳቢ እንዲሆን አደረገ።

ከዚያ ወዲህ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ማዕከላት ተስፋፍተዋል። በቢሾፍቱ የሚገኘው የፎቃ ማዕከል ቀዳሚ ሲሆን፣ ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሆን ተመሳሳይ ማዕከላትን በልዩ ልዩ ከተሞች አቋቁሟል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የራሱ ማዕከል አለው። ማዕከላቱ የኤሌክትሮኒክስ፣ የኮምፒውተርና የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የሚሠሩበት ቦታ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ በከተማ ስለሚገኙ የሚደርሱት ለጥቂቶች ነው፤ የገጠሩ ተማሪ ዋና ቤተ ሙከራ ያለበት መንደር ሆኖ ይቀራል።

በደምበጫ የሚለኩ ነገሮች

ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ኬክሮሷ 10 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ሰሜን፣ ኬንትሮሷ ወደ 37.5 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ብዙ የፊዚክስ ትምህርት ይወጣል።

የቀትር ጥላ

1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ በተስተካከለ መሬት ላይ ይተከላል። ቀጥ ማለቱ ድንጋይ በታሰረበት ክር ይረጋገጣል። ከረፋዱ ጀምሮ በየ10 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ያረፈበት ነጥብ ምልክት ይደረግበታል። ጥላው እጅግ አጭር የሚሆንበት ቅጽበት የፀሐይ ቀትር ነው፤ በዚያ ጊዜ ጥላው በትክክል የሰሜን–ደቡብ መስመርን ይይዛል።

የመጀመሪያው አስገራሚ ውጤት የሰዓቱ ነው። በደምበጫ የፀሐይ ቀትር በሚያዝያ አጋማሽ በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይውላል። ምክንያቱ የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው በአገሪቱ ምሥራቅ በሚያልፈው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ መሆኑ ነው። ደምበጫ ከዚያ መስመር 7.5 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ትገኛለች። ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ልዩነቱ 30 ደቂቃ ይሆናል። የምድር ምሕዋር ፍጹም ክብ ስላልሆነና ምሽዋሯም ያጋደለ ስለሆነ፣ ይህ ሰዓት በዓመቱ ውስጥ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6፡14 ይቀድማል፤ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ ወደ 6፡44 ይዘገያል።

ሁለተኛው ውጤት የጥላው አቅጣጫ ነው። በሚያዝያ 9 ወይም 10 ቀን ፀሐይ በደምበጫ በቀጥታ ከአናት በላይ ስለምትሆን በቀትር ዘንጉ ጥላ አይኖረውም። ከዚያ እስከ ነሐሴ 19 ወይም 20 ቀን ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በሰኔ 14 ቀን ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በቀሪው የዓመቱ ክፍል ጥላው ወደ ሰሜን ሲሆን፣ በታኅሣሥ 12 ቀን ወደ 67 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። በአውሮፓ የተዘጋጁ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ምንጊዜም ወደ ሰሜን ነው ስለሚሉ፣ ይህ ልኬት መጽሐፍና አገር ሲለያዩ ማመን ያለብን ልኬቱን መሆኑን ያስተምራል።

የምድር ዙሪያ

የኤራቶስቴንስ ልኬት በደምበጫና በጎንደር ሊደገም ይችላል። ሁለቱ ከተሞች ኬንትሮሳቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የፀሐይ ቀትር በሁለቱም በአንድ ጊዜ ይውላል። በሚያዝያ 10 ቀን በደምበጫ የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ ሲያጣ፣ በጎንደር የተተከለው ተመሳሳይ ዘንግ ወደ 3.6 ሳንቲ ሜትር ጥላ ይኖረዋል። ይህም 2.05 ዲግሪ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ በቀጥታ ሲለካ በመካከላቸው 227 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። 360ን ለ2.05 አካፍሎ በ227 ማባዛት ወደ 39,900 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። የታወቀው የምድር ዙሪያ በዋልታዎች በኩል 40,008 ኪሎ ሜትር ነው። የመኪና መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ርቀቱ ከካርታ መወሰድ አለበት። ጥላው አጭር ስለሆነም የ2 ሚሊ ሜትር ስህተት ውጤቱን ከ5 በመቶ በላይ ያዛባዋል። ስለዚህ ረጅም ዘንግ መጠቀም ይመረጣል።

የውሃ መፍላት

በከፍታ ቦታ የከባቢ አየር ግፊት ዝቅተኛ ነው። በደምበጫ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ስለሆነ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያ ሙቀቱ ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በባሕር ዳር ወደ 94፣ በደምበጫ ወደ 93፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ይሆናል። ባቄላ በደጋ ለመብሰል ከቆላ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚፈጅበትና ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ የግፊት ድስት ማገዶ የሚቆጥብበት ምክንያት ይህ ነው። በሦስት የተለያየ ከፍታ ያሉ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸውን ቢለዋወጡ የግራፍ ሥራ ይሆናቸዋል።

ፔንዱለምና የምድር ስበት

ድንጋይ በክር ታስሮ ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ድንጋዩ መሐል 1 ሜትር እንዲሆን ይደረጋል። ከ5 ዲግሪ ባልበለጠ ወደ ጎን ተስቦ ይለቀቅና 100 ሙሉ ውዝዋዜ ይቆጠራል። ጊዜው ወደ 201 ሰከንድ ይሆናል። ከዚህም የስበት ሽምጠጣ በደምበጫ 9.78 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ገደማ መሆኑ ይሰላል። መጽሐፉ 9.81 የሚለው ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ አጠገብና ከፍታ ላይ ያለች መሆኗን ስለማይመለከት ነው።

የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት በ100 ውዝዋዜ የሰከንድ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የክሩ ርዝመት በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ያንኑ ያህል ለውጥ ያመጣል። ተማሪው እዚህ ላይ «መልሴ ትክክል ነው?» ከሚለው ጥያቄ ወደ «መልሴ ምን ያህል ይታመናል?» ወደሚለው ይሸጋገራል።

ጅራፍና የድምፅ ፍጥነት

በቡሄ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። የጅራፉ ጫፍ ሲገረፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚወነጨፍ የሚሰማው ጩኸት ትንሽ የድንጋጤ ሞገድ ነው። ጅራፉ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄዱ ኢነርጂው እያነሰ በሚሄድ መጠነ ቁስ ላይ እንዲከማች ያደርጋል፤ ጫፉም ይፈጥናል።

በዚሁ ጅራፍ የድምፅ ፍጥነት ይለካል። አንድ ተማሪ በሜዳ ላይ 500 ሜትር ርቆ ጅራፍ ያጮኻል፤ ሌሎቹ እጁ ሲገርፍ ሰዓት አስነስተው ድምፁ ሲደርስ ያቆማሉ። በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ ጊዜው ወደ 1.5 ሰከንድ ይሆናል። የሰው እጅ የሚዘገይበት ጊዜ ስላለ ሙከራው ብዙ ጊዜ ተደግሞ አማካይ ይወሰዳል። የድምፅ ፍጥነት በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ ስለማይወሰን፣ ከፍታ የውሃን መፍላት እንደሚለውጠው ድምፅን በቀጥታ አይለውጥም።

ከአካባቢው መሣሪያዎች የሚገኝ ትምህርት

ማረሻና ቀንበር፦ የማረሻው ብረት መሬትን የሚሰነጥቅ ሽብልቅ ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉት ድግሮች አፈሩን ወደ ጎን ይገፋሉ። ገበሬው እርፉን ሲጫን ወይም ሲያነሳ ብረቱ የሚገባበት ጥልቀት ይለወጣል፤ ይህም የመፈንቅል ሥራ ነው። ቀንበር ደግሞ የሚዛን ምሳሌ ነው። 1 ሜትር ዘንግ መሐሉ ላይ ተንጠልጥሎ በአንድ ወገን ሁለት፣ በሌላው አንድ ውሃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሰቀልበታል። ሁለቱ ከመሐል በ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ አንዱ በ40 ሳንቲ ሜትር ሚዛኑን ይጠብቃል። ቀንበሩ ከሞፈሩ የሚታሰርበት ነጥብ ወደ አንዱ በሬ ቢጠጋ የትኛው በሬ ይበልጥ እንደሚለፋ ተማሪዎች ከዚህ ማስረዳት ይችላሉ።

የጉልበት መለኪያ፦ ውሃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ክብደቱ ወደ 5 ኒውተን ነው። ከጎማ ከመነሪ የተቆረጠ ላስቲክ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠርሙስ እየተሰቀለ የተለጠጠበት ርዝመት በሰሌዳ ላይ ምልክት ሲደረግበት የጉልበት መለኪያ ይሆናል። በእርሱም ድንጋይ በሣር ላይ፣ በአሸዋ ላይና በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጎተት ያለው ሰበቃ ይነጻጸራል።

ማሲንቆና ክራር፦ ማሲንቆ ያለው አንድ ጅማት ስለሆነ የተለያየ ድምፅ የሚወጣው ጣት የሚንቀጠቀጠውን ርዝመት ሲያሳጥረው ነው። ርዝመቱ ሲጋመስ ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። በክራር ላይ ግን እያንዳንዱ ክር የራሱ ውጥረት ስላለው ቅኝቱ የሚስተካከለው በማጥበቅና በማላላት ነው።

ማር፣ ውሃና የኑግ ዘይት፦ ሦስቱ በአንድ ብርጭቆ ቀስ ብለው ሲጨመሩ ማሩ ከታች፣ ውሃው ከመሐል፣ ዘይቱ ከላይ ይሆናል። የማር እፍግታ ከውሃ ወደ 1.4 እጥፍ ሲሆን፣ የዘይቱ ከውሃ ያንሳል። በገበያ በውሃ የተበረዘ ማር እፍግታው ስለሚቀንስ፣ አንድ ጠርሙስ ማርና አንድ ጠርሙስ ውሃ መመዘን ብቻውን ጠቃሚ ፍተሻ ይሆናል።

የባትሪ ድንጋይና ማግኔት፦ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ማግኔት፣ የመዳብ ሽቦና የባትሪ ድንጋይ ቀላል ሞተር ለመሥራት ይበቃሉ። በማግኔቱ በአንድ አቅጣጫ ደጋግሞ የታሸ መርፌ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ሲቀመጥ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዞራል።

የምህንድስና ሥራዎች

የውሃ ወፍጮ፦ በጎጃም ወንዞች ዳር የውሃ ወፍጮ የቆየ ሥራ ነው። የምንጭ ወይም የቦይ ውሃ ጉልበት በ20 ሊትር ጀሪካን ይለካል። ጀሪካኑ በ4 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰከንድ 5 ሊትር ነው። ውሃው ከ3 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ከሆነ በየሰከንዱ የሚሰጠው 5 ሲባዛ በ9.78 ሲባዛ በ3፣ ማለትም ወደ 147 ዋት ነው። ይህ ጥቂት የኤሌክትሪክ አምፖሎችን ለማብራት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን መዘውሩና ዳይናሞው ከፊሉን ያባክናሉ። ይኸው ስሌት እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ለጀመረው የጢስ ዓባይ ማመንጫም፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ይሠራል፤ የሚለየው የፍሰቱና የከፍታው መጠን ነው።

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፦ ተማሪዎች በሦስት ጉልቻና ከጭቃ ወይም ከሲሚንቶ በተሠራ ዝግ ምድጃ እኩል ውሃ አፍልተው የነደደውን እንጨት ይመዝናሉ። 2 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ለማሞቅ 586 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ለዚህ 300 ግራም ደረቅ እንጨት ከነደደ፣ አንድ ኪሎ እንጨት ወደ 17 ሜጋ ጁል ስለሚሰጥ፣ ወደ ውሃው የገባው ሙቀት 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀጥሎ ቡድኑ የአየር መግቢያውን፣ የድስቱን ርቀትና የግድግዳውን ውፍረት አንድ በአንድ እየለወጠ ይፈትናል። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከተለወጠ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም።

የሸምበቆ ድልድይ፦ ለእያንዳንዱ ቡድን እኩል ሸምበቆና ክር ተሰጥቶ 60 ሳንቲ ሜትር ክፍተት የሚያሻግር ድልድይ ይሠራል። መሐሉ ላይ ጣሳ ተሰቅሎ አሸዋ ይጨመርበታል። አሸናፊው ብዙ የተሸከመው ሳይሆን ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ የተሸከመው ነው። አራት ማዕዘን ቅርጽ ሲገፋ እንደሚጋደም፣ ሦስት ማዕዘን ግን ቅርጹን እንደሚጠብቅ ተማሪው በእጁ ይረዳል። የወደቀው ድልድይ መጀመሪያ የተሰበረበት ቦታ ተመርምሮ ሁለተኛ ዙር ይሠራል፤ የምህንድስናው ትምህርት በዋናነት ያለው በዚህ ሁለተኛ ዙር ላይ ነው።

የአንድ ክፍለ ጊዜ አካሄድ

ተማሪ በሚበዛበት ክፍል አምስት ወይም ስድስት ሆኖ በቡድን መሥራት የተለመደ ነው። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ያሰላል፤ በሚቀጥለው ሙከራ ድርሻ ይለዋወጣሉ። መምህሩ በመጀመሪያ ጥያቄ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ተማሪም ግምቱን በጽሑፍ ያሰፍራል። ከልኬቱ በኋላ የሁሉም ቡድን ቁጥር ሰሌዳ ላይ በአንድነት ይጻፋል። ከሌሎቹ የራቀው ቁጥር አይሰረዝም፤ ለምን እንደራቀ ይጠየቃል። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ደብተር ከፈተና ወረቀት የሚለየው በዚህ ነው።

እንቅፋቶች

ዋናው እንቅፋት ሁልጊዜ የመሣሪያ እጦት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ስለሆነ መለካት የሚችልና የማይችል ተማሪ በውጤት አይለዩም። ስለዚህ ለሙከራ የዋለ ጊዜ ለብዙ ተማሪና ወላጅ የባከነ ይመስላል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት በአንድ ምክንያት ብቻ የሚገለጽ ባይሆንም፣ ለፈተና ተብሎ የተሸመደደ ትምህርት ለፈተናውም እንዳልበቃ ያሳያል። የሆሻንጋባድ ፕሮግራም ፈተናውን ጭምር የለወጠው ይህን ችግር በማየት ነበር።

ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል ሳይንስ በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ሽምጠጣን፣ እፍግታንና ሰበቃን በአማርኛ ያወቀ ተማሪ በአንድ ክረምት ልዩነት ሌላ ስም ይገጥመዋል። ነገሩን በእጁ የሠራ ተማሪ የሚለወጥበት ስሙ ብቻ ነው፤ ቃሉን ብቻ የያዘ ግን ከቃሉ ጋር ነገሩንም ያጣል።

ሦስተኛው የጸጥታ ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው የትጥቅ ግጭት ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ጉዳት የደረሰባቸውም አሉ። ከትምህርት የራቀ ልጅን ሙሉ በሙሉ የሚተካ ዘዴ የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. የ1948ቱ የዩኔስኮ መጽሐፍ የተዘጋጀው ቤተ ሙከራቸው ለፈረሰባቸው መምህራን ነበር። በዘንግ ጥላና በጀሪካን የሚሰጥ ትምህርትም ሕንፃና ዕቃ እስኪተካ ድረስ ሊቀጥል የሚችል ነው።

ጥናቶች የሚያሳዩት

የፊዚክስ መምህሩ ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት 6,542 ተማሪዎች የተሳተፉባቸውን 62 የአሜሪካ የፊዚክስ ኮርሶች አነጻጽሯል። በተለመደው ገለጻ የተማሩት ሊያሻሽሉ ከሚችሉት ውስጥ በአማካይ 23 በመቶ ሲያሻሽሉ፣ በሥራና በውይይት የተማሩት 48 በመቶ አሻሽለዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣና 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሌላ ሥራ፣ ንቁ ተሳትፎ ባለባቸው የሳይንስና የምህንድስና ክፍሎች የሚወድቁት 22 በመቶ ገደማ፣ በገለጻ ብቻ በሚሰጡት ደግሞ 34 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል።

ተቃራኒ አስተያየትም አለ። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጀማሪ ተማሪ ያለ በቂ መሪ ራሱ እንዲደርስበት ቢተው ብዙ እንደማይማር ተከራክረዋል። ሁለቱ ሐሳቦች በተግባር ይታረቃሉ፦ ተማሪው ሥራውን ይሠራል፤ ጥያቄውን የሚመርጠው፣ መንገዱን የሚያጠበውና በመጨረሻ ውጤቱን ከሕጉ ጋር የሚያያይዘው ግን መምህሩ ነው።

ጥንቃቄ

ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ስለሚጎዳ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ጅራፍ በሚጮኽበት ጊዜ ሌሎች ተማሪዎች ከገመዱ ርዝመት ቢያንስ በእጥፍ መራቅ አለባቸው። የኤሌክትሪክ ሙከራ በባትሪ ድንጋይ እንጂ ከግድግዳ ሶኬት በሚመጣ ኃይል አይሠራም፤ የስልክ ባትሪም አይፈታም። እሳትና የፈላ ውሃ ያለበት ሥራ ሜዳ ላይ፣ መምህር ባለበት፣ አፈርና ውሃ በአጠገብ ተዘጋጅቶ ይካሄዳል። የወንዝ ውሃ የሚለካው በበጋ ሲሆን፣ በክረምት ሙላት ወደ ወንዝ ዳር አይቀረብም።